የሚተነፍስ ሳጥን

አባቴ የሬሳ ሳጥን ሠሪ ነው። ይህን መጀመሪያው መስመር ላይ ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው፤ ፊቱን የሚያዞር ካለ ከአሁኑ ያዙርና እንገላገል። ከልጅነቴ ጀምሮ ብዙ ፊት ሲዞር አይቻለሁ፣ አንድ ቢጨመር አይገርመኝም።

ለቀራችሁት ልቀጥል። ስሜ ወይንሸት ነው። ተወልጄ ያደግኩት መርካቶ፣ ከእህል በረንዳ ጀርባ ባለች ጠባብ መንገድ ውስጥ ነው። የአባቴ ሱቅ ከፊት፣ ቤታችን ከኋላ። ሰፈርተኛው ጋሽ ደግፌ ይለዋል። መርካቶ ውስጥ ሁለት ነጋዴዎች ሲገናኙ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ "ገበያ እንዴት ነው?" የሚለው ነው። አባቴን ግን ይህን ጥያቄ የጠየቀ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። እንዴት ብለው ይጠይቁት? "ጥሩ ነው" ቢላቸውስ ምን ሊመልሱ ነው? እሱም የሰዉን ሆድ ስለሚያውቅ ጠዋት ጠዋት ከሱቁ አይወጣም። ነጋዴው የመጀመሪያውን ዕቃ ሳይሸጥ የደግፌን ፊት ካየ ቀኑ አይቀናውም ይባላላ! ቤት ውስጥ ስኳር ቢያልቅ እንኳ አባቴ ሄዶ ለመግዛት እስኪረፋፍድ ይጠብቃል። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያናድደኝ ነበር። እሱን ግን ሲያናድደው አይቼ አላውቅም፤ ያ ደግሞ ይበልጥ ያናድደኛል።

የራሱም ሕጎች ነበሩት። በእሱ ሜትር በሕይወት ያለ ሰው አይለካም። እናቴ ለበዓል ቀሚስ ልታሰፋልኝ ሜትሩን ስታነሳ እጇን ይዞ "ሰፊው በራሱ ይለካት" ይላታል። መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ጋደም ማለት፣ ለቀልድም ቢሆን፣ ክልክል ነው። ሌላው አናጺ የሠራው ወንበርና ቁም ሳጥን ጀርባ ላይ ስሙን ይጽፋል፤ አባቴ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራ ኖሮ ስሙ የተጻፈበት አንድም እንጨት አልነበረም።

እኔ እንግዲህ ከዚህ ቤት ወጥቼ ዲዛይን ተማርኩ። አብራኝ የተማረች ነጃት የምትባል ጓደኛዬ እዚያው መርካቶ፣ ሰባተኛ የሚባለው ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትንሽ ሱቅ ተከራይታ የሠርግ ካርድ፣ የሱቅ ማስታወቂያና ስቲከር ትሠራ ነበር። "የራስሽን ኮምፒውተር ይዘሽ ነይ፣ አብረን እንሥራ" አለችኝ። ያኔ ከዚህ የሚበልጥ ዕድል አልነበረኝም። ኮምፒውተሩን ዕቃ በዕቃ አሰባሰብኩት፤ ማዘርቦርዱም ግራፊክስ ካርዱም ያገለገሉ ናቸው። ችግሩ ሁሉን አቅፎ የሚይዘው ውጪኛው አካል፣ ኬዝ የሚባለው ነው። በአቅሜ ያገኘኋቸው ኬዞች ለግራፊክስ ካርዱ ጠበቡት። ስለዚህ ዕቃውን ካርቶን ላይ ዘርግቼ እንዲሁ ስሠራበት ከረምኩ። እህል በረንዳ ጀርባ ደግሞ አየሩ ራሱ ግማሹ ዱቄት ነው፤ የጤፉ ብናኝ ማቀዝቀዣ ፋኑ ውስጥ ይገባና ኮምፒውተሩ እያጓራ ግሎ ይጠፋል።

በዚህ መሀል ነጃት ደወለች። "ወይኒ፣ ቅዳሜ ትልቅ የሠርግ ሥራ የሚያዙ ሰዎች ይመጣሉ። እስከ ምሳ ሰዓት ኮምፒውተሩን ይዘሽ ካልመጣሽ ቦታውን ለሌላ ልጅ ልሰጥ ነው። አትቀየሚኝ፣ ብቻዬን አልቻልኩም" አለችኝ። አልተቀየምኳትም፤ ስትጠብቀኝ ቆይታለች። ስልኩን ዘግቼ ቀጥታ ወደ አባቴ ሄድኩ።

"አባዬ፣ ሳጥን ትሠራልኛለህ?"

የያዘው መላጊያ እንጨቱ ላይ ቆመ። ቀና ብሎ ሲያየኝ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ምን አልሽ?"

"ለኮምፒውተሬ። ማስቀመጫ ሳጥን።"

"እንደሱ ተብሎ ይጠየቃል እንዴ! ልቤን ልታቆሚው እኮ ነው!" ብሎ መላጊያውን አስቀመጠና ለመረጋጋት ውሃ ጠጣ። ከዚያ በኋላ ግን ዕቃዎቹን በየተራ እያገላበጠ ሲያይ ዓይኑ በራ። ሜትሩን አወጣ። እያንዳንዷን ነገር ለካ። አባቴ አንድን ነገር እየሳቀ ሲለካ ያየሁት የዚያን ቀን ነው።

እንጨቱ የዋንዛ ቁርጥራጭ ነበር። ዋንዛ የሚመጣው ሀብታም ሲሞት ነው፤ የተረፈውን አባቴ ከጣሪያው ሥር ሰብስቦ ያስቀምጠዋል። ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ፓወር ሳፕላይ በሚቀመጥበት በኩል እንጨቱ እንዳይግል ከዘይት ጣሳ የተቆረጠ ቆርቆሮ አለበስነው። ለማብሪያ እንዲሆን የበር ደወል መጫኛ ገጠምን። እስከዚህ ድረስ በፍቅር ነበር የምንሠራው። የተጣላነው ቀዳዳው ላይ ነው።

"እዚህ ጎን በርከት አድርገህ ብሳልኝ፤ በዚህ አየር ይገባል። እዚያ ከኋላ ደግሞ ይወጣል" አልኩት።

"ሳጥን አይበሳም።"

"ይሄኛው ይበሳል።"

"ወይንሸት፣ ሳጥን ከተበሳ ሥራው ተበላሸ ማለት ነው። ሰው ምን ይለኛል?"

"አባዬ፣ ይሄ ነገር ካልተነፈሰ ይሞታል።"

መሰርሰሪያውን አነሳ። "ውስጡ የሚተነፍስ ነገር ያለበት ሳጥን ሠርቼ አላውቅም" አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለእንጨቱ በሚመስል ድምፅ። ከዚያ በሳው። ቀዳዳዎቹ እኩል እኩል ሆነው በመስመር ተደረደሩ። ከውስጥ በኩል ብናኝ እንዲያስቀርልን ከእናቴ አሮጌ ስቶኪንግ ቆርጠን ወጠርንበት።

ሥራው አልቆ ራቅ ብለን አየነው። ዕድሜ ልኩን አንድ ነገር ሲሠራ የኖረ እጅ ሌላ ነገር ሥራ ቢባልም የሚያውቀውን ነው የሚሠራው። ከልካችን ይልቅ ረዘም ብሏል፣ ክዳኑ ወደ መሀል ከፍ ብሎ በሁለት ጎን ተዳፍቷል፣ ጠርዞቹ ለስልሰዋል። በሁለቱ ጫፍ፣ መያዣ ያስፈልገዋል ብሎ፣ ሱቁ ውስጥ ያለውን ቢጫ እጀታ መትቶበታል።

"እጄ ነው" አለ አባቴ አፍሮ። "ላፍርሰው?"

"አታፈርሰውም። በጣም ያምራል" አልኩት። ያምራልም። የዋንዛው መስመር ከክዳኑ ወደ ጎኑ ሳይቋረጥ ይወርዳል። በገበያው ውስጥ ከሚሸጡት የብረት ኬዞች አንዱም አጠገቡ አይደርስም።

"እሺ ሰማያዊ ቀለም ልቀባውና ከየት እንደመጣ ማንም አይወቅ።"

"ዋንዛ ቀለም ሲቀባ የት አየህ?"

"ለአንቺ ብዬ ነው የእኔ ልጅ።"

"ለእኔ ብለህ ከሆነ ስምህን ጻፍበት።"

ከጆሮው ጀርባ የማይጠፋውን እርሳስ ነካ አደረገውና እጁን መለሰ። "በሕይወት ያለ ሰው ስም ሳጥን ላይ አይጻፍም። የሚጻፈው የባለቤቱ ስም ነው፤ እሱም አንዴ ብቻ ነው" አለኝ። ድምፁ ውስጥ ፍርሃት ስለሰማሁ አልጨቀጨቅኩትም። ቀለሙን ግን አላስቀባሁም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ዕቃውን ሁሉ ውስጡ አስረን ጨረስን። አባቴ ሳጥኑ አመሻሽ ላይ በባጃጅ ይሄዳል ብሎ ነበር፤ የእሱ ሳጥኖች በቀን በእግር አይወጡም፣ መኪና በሩ ድረስ ተጠግቶ ነው የሚወስዳቸው። እኔ ግን እስከ ምሳ ሰዓት ነው የተባልኩት። እያጉረመረመ፣ አቧራ እንዳይገባው ብሎ፣ እጁ የደረሰበትን ጨርቅ አነሳና አለበሰው። እጁ የደረሰበት ጨርቅ ወይን ጠጅ ከፋይ ነበር። ጫፍ ጫፉን እንደ ልማዱ አጥፎ ወጠረው። ቸኩዬ ስለነበር ምን እንደሚመስል ልብ አላልኩም።

ተሸካሚ ጠራሁ። መጀመሪያ ሳጥኑን አየ፣ ቀጥሎ የአባቴን ሱቅ አየ። "እህቴ፣ ገና እህል አልቀመስኩም፤ እንዲህ ያለውን በባዶ ሆዴ አልሸከምም" ብሎኝ ሄደ። ሁለተኛው ምክንያት እንኳን አልሰጠኝም። በቃ፣ ራሴ አነሳሁት። በሁለት ክንዴ አቅፌ፣ አገጬን ክዳኑ ላይ አስደግፌ ወጣሁ።

የመርካቶን ቅዳሜ ታውቁታላችሁ። ጤፍ የተሸከመው "መንገድ! መንገድ!" እያለ ይገፋችኋል፣ ጋሪው ተረከዛችሁን ይልጣል፣ በድምፅ ማጉያ የሚሸጠው ጆሯችሁን ያደነቁራል። እኔም "መንገድ!" ልል አፌን ከፈትኩ። ሳልናገር መንገዱ ተከፈተ። ኩንታል የተሸከሙት ወደ ዳር ያዙልኝ። ጋሪ ገፊው ጋሪውን አቆመ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ እንዲያውም መርካቶ ሥልጣኔ ገባው እንዴ ብዬ ነበር። ቀጥሎ በየሱቁ በር የተቀመጡት አንድ በአንድ ከበርጩማቸው እየተነሡ መቆም ጀመሩ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። በርበሬ የሚሸጡት አባት ሚዛናቸውን አስቀምጠው "ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" ሲሉ ሰማኋቸው። ድምፅ ማጉያው ፀጥ አለ።

ያን ጊዜ ነው ክንዴ ላይ ያለውን ጨርቅ ያየሁት። ወይን ጠጅ ከፋይ፣ ቢጫ እጀታ፣ የሕፃን ልጅ ቁመት ያለው ሳጥን።

ላስረዳ ዞር ከማለቴ እትዬ አስካለ መጡ። እትዬ አስካለ የፕላስቲክ ሳፋና ባልዲ የሚሸጡ ሴት ናቸው፤ እኔ በመልክ አውቃቸዋለሁ፣ እሳቸው ግን አያውቁኝም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ከፊቴ ቆሙ።

"ብቻሽን? የእኔ እናት፣ ሰው የለሽም? ብቻሽን ነው የምትሸኚው?"

"አይደለም እትዬ፣ ይሄ እኮ..."

"ተይ አትናገሪ፣ ዝም በይ። መናገር ይከብዳል።"

"ኮምፒውተር ነው!"

እትዬ አስካለ ወደ ሰዉ ዞረው "ደንግጣ ነው፣ ምን እንደምትል አታውቅም። ኑ እንጂ! ልጅት ብቻዋን ልትቀብር ነው እንዴ?" ብለው ጮኹ።

እኛ አገር ቀብር ላይ ብቻውን የሚሄድ ሰው አይታለፍም። አንድ ጎልማሳ መጥቶ አንዱን እጀታ ያዘ። ሌላው "አንቺ ተይው" እያለ ከክንዴ ሊወስድ ታገለኝ፤ ግራፊክስ ካርዱ ትዝ ስላለኝ አጥብቄ ያዝኩ። ይሄን ሲያዩ ጭራሽ ባሰባቸው። "መለየት አቅቷት ነው" ይላሉ ከኋላዬ። ሃያ ሰላሳ ሰው ተከተለኝ። በየአሥር እርምጃው "ኮምፒውተር ነው" እላለሁ፤ በየአሥር እርምጃው "አይዞሽ" ይሉኛል። ወደየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ ሲጠይቁኝ "ወደዚያ ሕንፃ" ብዬ በአገጬ አመለከትኩ። ተያዩ፣ ግን ተከተሉኝ።

ሕንፃው በር ላይ ስንደርስ አቶ ሰይፉ ወጡ። አቶ ሰይፉ ምድር ቤት የሞባይል ዕቃ በጅምላ የሚያከፋፍሉ፣ የተከራዮቹም ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው።

"ምንድነው ነገሩ? ሬሳ ወደዚህ? እዚህ እኮ ሰው ይነግዳል!"

ክንዴ ዝሏል፣ ምሳ ሰዓት ደርሷል፣ ትዕግሥቴም አልቋል። ሳጥኑን ደረጃው ላይ አስቀመጥኩና ከፋዩን ገፍፌ ክዳኑን ከፈትኩት። ሰዉ "ውይ!" ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ፤ አንዳንዱ ዓይኑን ሸፈነ። ትንሽ ቆይቶ አንድ በአንድ እየተጠጋ አየ። ሽቦ፣ ፋን፣ አረንጓዴ ማዘርቦርድ። አንድ ጎረምሳ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ብቻውን ቀረ።

እትዬ አስካለ አልሳቁም። ፊታቸው ተለዋወጠ።

"በሞት ትቀልጃለሽ?"

"አልቀለድኩም እትዬ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ነግሬአችኋለሁ።"

"እኔ ልጄን የሸኘሁት በእንዲህ ያለ ሳጥን ነው! በእንዲህ ያለ!" አሉና እንባቸው ወረደ። የዚያን ቀን ከደረሰብኝ ሁሉ እስካሁን የሚያመኝ የእሳቸው እንባ ነው። እሳቸው ያለቀሱት እውነተኛ ለቅሶ ነው፤ ለእኔ ብለው፣ ለማያውቋት ልጅ ብለው። እጃቸውን ልይዝ ስል መነጨቁኝ።

አቶ ሰይፉ ጉሮሯቸውን ጠርገው ለስለስ ባለ ድምፅ ጠጋ አሉኝ። "ስሚ ልጄ፣ ይሄ ነገር ከዚያ ከደግፌ ቤት ነው የመጣው የሚሉ አሉ። ነጃት ጥሩ ልጅ ናት፣ እንዳላስቸግራት። አይደለም በይ፣ ከአናጺ ነው ያሠራሁት በይና ይዘሽ ግቢ። ከደግፌ ቤት ከሆነ ግን ወደዚህ ሕንፃ አይገባም። ገበያተኛ ይሸሻል።"

አያችሁ፣ በሩን ከፍተውልኛል። "አይደለም" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ነጃት ጫጫታውን ሰምታ ወርዳ በሩ ጋ ቆማለች፤ በዓይኗ "በይና እንግባ" ትለኛለች። ምሳ ሰዓት ነው። ወንበሬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይጠብቀኛል። ስኳር ለመግዛት እስኪረፋፍድ የሚጠብቀው አባቴ ፊቴ ላይ መጣ። ደሜ ፈላ።

"ከደግፌ ቤት ነው" አልኩ፣ ጠጋ ያላሉትም እንዲሰሙ ጮክ ብዬ። "የሠራው ደግፌ ነው። እኔም የደግፌ ልጅ ነኝ። እንጨቱም ከዚያው የተረፈ እንጨት ነው፣ እጀታውም የዚያው እጀታ ነው። ይገባል! ሌላ የሚጠይቅ አለ?"

"እንግዲያው አይገባም" አሉ አቶ ሰይፉ።

"እንግዲያው እዚሁ በሩ ላይ አበራውና እዚሁ እሠራለሁ። ነጃት፣ የኤሌክትሪክ ገመድ አውርጂልኝ!"

ነጃት ዓይኗ ፈጠጠ። ከዚያ፣ ታምኑኛላችሁ፣ "መጣሁ" ብላ ወደ ላይ ሮጠች።

በዚህ መሀል ሰዉ እንደገና መንገድ ከፈተ። አባቴ መጣ። "ልጅህ የሕፃን ሬሳ ታቅፋ ስታለቅስ ታየች" ብለውት ኖሮ በሥራ ልብሱ፣ ፍቅፋቂው ፀጉሩ ላይ እንዳለ ሮጦ ነው የደረሰው። ሰው ከእሱ የሚሸሽበትን መንገድ ስለለመደው ቀጥ ብሎ በመሀሉ መጣ። እኔን ከላይ እስከ ታች አየኝ። ደህና መሆኔን ሲያውቅ ትንፋሹን ለቀቀ። ቀጥሎ እትዬ አስካለን አያቸው፣ ሲያለቅሱ።

"አስካለ" አላቸው።

"ምን ፈለግክ አንተ?"

"የልጅሽን ሳጥን የሠራሁት እኔ ነኝ።"

እትዬ አስካለ እንባቸውን መጥረግ አቆሙ። "ሳጥኑን ሄደው ያመጡት ወንዶቹ ናቸው" አሉ ቀስ ብለው። "ማን እንደሠራው አልጠየቅኩም።"

"ማንም አይጠይቅም። ውስጡን ነጭ ጥጥ አልብሼው ነበር። ትንሽ ስለሆነች እንዳይሻክራት ብዬ።"

"ጥጡን አይቻለሁ" አሉ እትዬ አስካለ። "እጄን አሳርፌበት ነበር። ማን ይሆን እንዲህ ያሰበላት ብዬ ነበር።"

አባቴ ወደ አቶ ሰይፉ ዞረ። የሚለምን መስሎኝ ልከለክለው ነበር። አልለመነም። ከጆሮው ጀርባ እርሳሱን አወጣ፣ ጎንበስ አለ፣ ክዳኑን ዘጋና ላዩ ላይ፣ ሁሉም እያየው፣ በደማቁ ጻፈ። *ደግፌ።*

"ኧረ በስመ አብ!" አለች አንዷ። "ደምስሰው ጋሼ! ደምስሰው!" አለ እጀታውን ይዞ የመጣው ጎልማሳ። ከእነሱ ሁሉ ይልቅ የፈራው እሱ ነው። ግን ቀና አለ።

"ይሄ ሳጥን የሚተነፍስ ነው" አላቸው። "በሕይወት ላለ ሥራ ነው የተሠራው። እኔም በሕይወት አለሁ። ስሜ ነው።"

ነጃት ገመዱን ይዛ ደረሰች። ግን አላስፈለገም። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ አፍንጫቸውን ጠርገው፣ ጎንበስ ብለው አንዱን እጀታ ያዙ። "አንሳ እንግዲህ! የቆምከው ለምንድነው? ልጅቷ ምሳ ሰዓት አልፎባታል" ብለው አባቴን ተቆጡት። አባቴ ሌላውን ያዘ። ሳጥኑ ሲነሳ አቶ ሰይፉ፣ አስበውበት ነው አልልም፣ ልማድ ሆኖባቸው ወደ ጎን ገለል ብለው ቆሙ። በአጠገባቸው አለፍን።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከነጃት ጠረጴዛ ጎን አስቀመጥነው። የበር ደወሏን ተጫንኩ። ትንሽ ዝም አለና ፋኑ ተነሣ፤ ስክሪኑ በራ። እትዬ አስካለ እጃቸውን ወደ ኋለኛው ቀዳዳ አስጠጉ። ሞቅ ያለው አየር መዳፋቸው ላይ ሲወጣ አባቴን አዩት።

"እውነትም ይተነፍሳል" አሉት።

ሠርገኞቹ ከሰዓት መጡ። ሙሽራዋ ሳጥኑን አይታ "ይሄ እንዴት ያምራል!" አለች። እናቷ ከየት እንደሆነ ስትጠይቀኝ ነገርኳት። አማተበች። ካርዱን ግን እኛው ጋ አዘዘች።

ሁሉም እንዲህ በሰላም አለቀ ብዬ አልዋሻችሁም። አንዳንድ ደንበኛ በር ላይ አይቶን ተመልሷል። ኮሚቴው ነጃትን ጠርቶ ወይ ቀለም ይቀባ ወይ ይውጣ ብሏታል። እሷም "ሳጥኑ ከወጣ እኔም እወጣለሁ" ብላ ቁጭ አለች። ማንም አላስወጣን። አቶ ሰይፉ እስካሁን ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጥተው አያውቁም፤ የሱቃቸውን ስቲከር ግን በሠራተኛቸው እየላኩ እኛው ጋ ያሠራሉ።

ያ ቀን እኔን ምን እንደለወጠኝ ብትጠይቁኝ፣ ይቅርታ ባልበደልኩበት መጠየቅ ተውኩ እላችኋለሁ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሰው እንዳይከፋው ብሎ ከሰው መንገድ ገለል ሲል ኖሯል። ያ ሰው በክፉ ቀኑ የሚሄደው ግን ወደ እሱ ነው፤ ጥጡንም የሚያለብሰው እሱ ነው። እናንተም ይህን የምታነቡት አንድ ቀን የእሱን ወይም የመሰሉን እጅ ትፈልጋላችሁ፤ ያ ቀን ብትጠሉትም ይመጣል። እስከዚያ ድረስ በጠዋት ብታገኙት እባካችሁ ፊታችሁን አታዙሩ፤ እንደ ማንኛውም ጎረቤት ደህና አደርክ በሉት።

አሁን አባቴ ስኳር ሲያልቅ በጠዋት ይወጣል። የሚያጉረመርም አለ፤ ያጉረምርም። በአንዱ ጠዋት እትዬ አስካለ ሳፋቸውን እየደረደሩ ሳሉ ሲያልፍ አዩትና ሳያስቡት "ጋሽ ደግፌ፣ ገበያ እንዴት ነው?" አሉት። ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። አባቴ ቆመ። ያን ጥያቄ ሲጠብቅ ስንት ዘመኑ ነው!

"እግዜር ይመስገን፣ ቀዝቅዟል!" አላቸው። ሁለቱ የሳቁት ሳቅ እኔ ቤት ውስጥ ሆኜ ተሰማኝ።

ሳጥኑ ዛሬም ይሠራል፤ ይህን የምጽፈውም በእሱ ነው። ክዳኑ ላይ ያለው እርሳስ እጅ ሲነካካው ይደበዝዛል። ነጃት ቫርኒሽ ቀቢበትና እዚያው ይቅር ትለኛለች። እኔ አልቀባም። ስም ሳጥን ላይ አንዴ ብቻ ነው የሚጻፈው ይለኝ የነበረው ሰው፣ ስሙ ሲደበዝዝ ደረጃውን እያለከለከ ይወጣል፣ እርሳሱን ከጆሮው ጀርባ ያወጣል፣ ከንፈሩን አሞጥሙጦ እንደገና ይጽፈዋል።